ለአባትህ ዓይን

ልጄ፣ አባትህን ከደሴ አምጥተህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ቤትህ ማሳረፍህ የሚያስመርቅ ነው። የመጡት ግን ሊታከሙ እንጂ ሶፋ ላይ ሊውሉ አይደለም። «ትንሽ ይቆይ፣ የዓይን ሞራው ይብሰል» እያሉ ቀጠሮ ሲያስቀይሩህ እሺ አትበል። ይብሰል የሚባለው የድሮ ነው። የዛሬ ሐኪም የሚጠይቀው የዕለት ኑሯቸውን አውኳል ወይ ብሎ ነው። ዳዊት መድገም ካቆሙ፣ ደረጃውን በእጃቸው እየዳሰሱ መውረድ ከጀመሩ፣ ሌላ ምን ይጠበቃል? ዓይን ካላዩበት ከግንባር ይቆጠራል። በጣም ሲቆይ ደግሞ ሞራው ይጠጥርና ቀዶ ሕክምናውን ያከብደዋል።

ፍርሃታቸውን ግን አትናቅባቸው። እኔም ተሠርቼ አውቀዋለሁ፤ ስለት ወደ ዓይን ሲመጣ የማይፈራ የለም። ብዙ ሰው ሞራውን ከዓይን ላይ የሚገፈፍ ስስ ቆዳ ይመስለዋል። የሚደፈርሰው ግን ከብሌኑ በስተኋላ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ራሱ ስለሆነ ጠብታም መነጽርም አይመልሰውም። ሐኪሙ እሱን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ብዙ ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ በዕለቱም ቤት ይገባል። ሙከራ እንዳይመስላቸው የሃሮልድ ሪድሊን ነገር አጫውታቸው። ይህ እንግሊዛዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ከአውሮፕላኑ መስኮት ተሰብሮ ዓይናቸው ውስጥ የቀረው ፕላስቲክ ዓይኑን እንደማያስቆጣው አስተዋለ። ከዚያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን፣ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሌንስ ተከለ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ እንደሆነ አሳይቷል። በሰው እጅ ሊመለስ የሚችል ብርሃን ይዘው በጨለማ የተቀመጡ ወገኖች ናቸው፤ እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሐኪምን ማመን «እሱ ያውቃል» ብሎ አፍን መዝጋት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ ደም ማቅጠኛው ኪኒን ሁሉ ይነገር። አንዱን ግን በእኛ ዕድሜ ያለ ወንድ በልጁ ፊት አያነሣውም። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስድ ሰው፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ብሌኑ በሚገባ ላይከፈት ይችላል፤ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍልም ይልፈሰፈሳል። ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀ ተዘጋጅቶ ይገባል። መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላም ውጤቱ ሊቆይ ስለሚችል፣ ድሮ ወስደው ከሆነም ይናገሩ። ካፈሩ፣ የመድኃኒታቸውን ፌስታል እንዳለ አንሥተህ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው።

ሌላው ጉዳይ አንተው ነህ። አባትህ ስዋሂሊም እንግሊዝኛም አያውቁም፤ ሐኪሙን የሚያምኑት በአንተ ምላስ በኩል ነው። «ግላኮማም ስላለባቸው እንደጠበቁት ላያዩ ይችላሉ» ካለ፣ አሳዝነውህ አታለሳልሰው። እሳቸው ሲጠይቁም «ተወው አባዬ» አትበል። የሚሠራቸው ራሱ ነው ወይስ ሌላ? ሌንሱ ለሩቅ ነው ለቅርብ? ለዳዊቱ መነጽር ያስፈልጋል? ወጪው በጠቅላላ ስንት ነው? ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም ከገጠመህ ሌላ ፈልግ፤ ሎሬሾ ያለው ላየንስ ሳይትፈርስት፣ ከከተማ ወጣ ብሎም ኪኩዩ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቁ ናቸው። ከመረጥክ በኋላ ግን ሁለት ወዶ አይሆንም፤ የጎረቤት ምክር ከሐኪሙ ትእዛዝ አይቀላቀል።

በቀኑ አባትህ ነቅተው ነው የሚተኙት። ስለዚህ «አይንቀሳቀሱ» እና «መብራቱን ይዩ» የሚሉትን ቃላት ሐኪሙ ሊያነበው በሚችል ፊደል ጻፍለት። ሳል ከመጣባቸው አስቀድመው እንዲናገሩም አስጠንቅቃቸው።

ከዚያ በኋላ ጠብታው ለሳምንታት፣ በሰዓቱ፣ እጅ ታጥቦ ይደረጋል። ዓይን ማሸት የለም። ስግደቱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ጸበሉን ይጠጡት እንጂ ቁስሉ ሳይድን ዓይናቸው ውስጥ ውሃ አይግባ፤ ይህን ራስህ ሳትሆን የንስሐ አባታቸው ደውለው ቢነግሯቸው ይሻላል። ሕመሙ ከጨመረ፣ ዓይኑ ከቀላ ወይም ካየ በኋላ መልሶ ከደበዘዘ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በዚያው ዕለት ይዘሃቸው ሂድ።

ገንዘቡ ካጠረህ አትሸሽገን። ኪሊማኒ ያለን ሐበሾች ለለቅሶ የምናዋጣውን ያህል ለብርሃን ማዋጣት አያቅተንም። ነገ ጠዋት ደውለህ ቀኑን አስቆርጥና ንገረኝ፤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።