የአዞ ገበያና የአራዊት ወዳጅነት

ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣ እንግዳ ሳያያቸው እንዳይመለስ ከሚመከርባቸው ስፍራዎች አንዱ የአዞ ገበያ ነው። ስፍራው የቁልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ የሚገኝ ዳርቻ ሲሆን፣ ማለዳ ከከተማ ተነሥቶ፣ በሞተር ጀልባ ተሳፍሮ፣ አዞውንና ጉማሬውን ጎብኝቶ፣ በዚያው ቀን ተመልሶ የተጠበሰ ዓሣ መብላት ይቻላል። ከየቁምስናው የሚመጡ የወጣት ማኅበራት፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የሚመጡ ቤተሰቦችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ገበያ የተባለው አዞዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ ተሰብስበው ሲታዩ የገበያ ሕዝብ ስለሚመስሉ ነው እንጂ፣ የሚሸጥና የሚለወጥ ነገር ኖሮ አይደለም። ሆኖም ነገሩን ቆም ብለን ስናየው፣ በዚያ ዳርቻ በእርግጥ አንድ ዓይነት ግብይት እንዳለ፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ሁልጊዜ የሚደሰተው ሰው እንዳልሆነ እንረዳለን።

ከጉብኝት የተመለሱ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ «አራዊቱ እንዴት ሰላማውያን ናቸው!» ይላሉ። ጀልባው ሲጠጋ አዞው ቶሎ አይሸሽም፤ አፉን ከፍቶ እንደ ተኛ ይቆያል፤ ይህም ለብዙዎች ፈገግታ ይመስላቸዋል (አፉን የሚከፍተው የሰውነቱን ሙቀት ለመቀነስ ነው)። ከተማይቱ ስሟን ባገኘችባቸው ምንጮች ዙሪያ ባለው ደን ደግሞ ዝንጀሮው ከመንገድ ዳር ተቀምጦ ከሰው እጅ ሙዝ ይቀበላል፤ ጦጣዋም መኪና ላይ ትወጣለች። ልጆች ይሥቃሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ «ወዳጃችን ሆነ» ይባላል። ለመሆኑ ይህ ወዳጅነት ምንድን ነው? የዱር እንስሳ ሰውን መፍራት ሲተው መልካም ነገር ሆነ ልንል እንችላለን ወይ? ጥያቄው የሽርሽር ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ለልጆች ስለ ፍጥረት የምናስተምር ሁሉ ሳናስበው በየጊዜው መልስ እየሰጠንበት ነው።

በዓለም ላይ በአራዊታቸው ገርነት የታወቁ ደሴቶች አሉ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን)። በአውስትራልያ ምዕራባዊ ጠረፍ አጠገብ ሮትነስት የምትባል ደሴት አለች፤ በእርስዋም ላይ ኩዎካ የሚባል፣ የድመት ያህል ቁመና ያለው፣ ከካንጋሩ ወገን የሆነ እንስሳ ይኖራል። ሰውን ስለማይፈራና ፊቱም ፈገግ ያለ ስለሚመስል ጎብኚዎች አብረውት ፎቶግራፍ ለመነሣት ይጎርፋሉ፤ መመገብና መንካት ግን የተከለከለ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1835 ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች በደረሰ ጊዜም አእዋፉ ገር ከመሆናቸው የተነሣ አንዱን ጭልፊት በጠመንጃ አፈሙዝ ከቅርንጫፉ ገፍቶ እንዳወረደው ጽፏል። ምክንያቱ ፍቅር አይደለም። በእነዚህ ደሴቶች እንስሶቹን የሚያድን አውሬ እምብዛም ስላልነበረ መፍራትን አልተማሩም፤ ይኸው ነው። ዶዶ የምትባለው፣ መብረር የማትችለው የሞሪሸስ ደሴት ወፍም እንዲሁ ሰውን አትሸሽም ነበር። የሆላንድ መርከበኞች በ1598 ወደ ደሴቲቱ ገቡ፤ አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላ ዶዶ ከምድር ጠፋች። ያጠፋት የመርከበኞቹ ዱላ ብቻ አይደለም፤ ይዘዋቸው የመጡት አይጦችና አሳማዎችም ጎጆዋን አጥፍተዋል። ያም ሆነ ይህ፣ ገርነቷ አላዳናትም።

እንግዲህ «ገር አውሬ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ገና ያላወቀን ፍጥረት ነው። ይህም ስለ እኛ ጥሩ ነገር አይናገርም። ኦሪት ዘፍጥረት በዚህ ረገድ ከምናስበው በላይ ግልጽ ነው። በምዕራፍ 2 አዳም ለእንስሳት ሁሉ ስም ያወጣል፤ በዚያ ስለ ፍርሃት የተጻፈ ነገር የለም። ከጥፋት ውኃ በኋላ ግን፣ በምዕራፍ 9፣ ሰውን መፍራት በምድር አራዊትና በሰማይ አእዋፍ ሁሉ ላይ ይሆናል፤ ወዲያው በሚቀጥለው ቃል ደግሞ ለሰው ሥጋ መብላት ይፈቀድለታል። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፋለን። ፍርሃቱ የሰው የበላይነት ምልክት ተደርጎ ሲተረጎም እንሰማለን፤ ለእኛ ግን ለእንስሳቱ የተሰጠ ጋሻም ይመስለናል። ለሰው ቢላዋ በተሰጠው ቀን ለአውሬው መሸሻ ተሰጠው ማለት ነው። ይህን የምንለው እንደ ራሳችን አስተያየት እንጂ እንደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ሐሳቡ ልክ ከሆነ ግን፣ የአውሬን ፍርሃት በሙዝ መግዛት ጋሻውን ማስጣል ይሆናል።

ወደ ጫሞ እንመለስ። የአዞ ገበያ አዞ ገር አይደለም። «ሰላማዊ ነው» የሚለው ከጀልባ ላይ ሆኖ የሚያየው ሰው ነው። በአባያና በጫሞ ዳርቻ ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት፣ ከብት ሊያጠጣ የወረደ እረኛ፣ ወይም መረቡን ሊያነሣ የወጣ ዓሣ አጥማጅ በአዞ ተጎዳ ሲባል መስማት ለአካባቢው ሰው እንግዳ ወሬ አይደለም። ዓሣ አጥማጁ ጎብኚው የሚሳፈርበት ዓይነት ሞተርና ከፍ ያለ ጀልባ ሁልጊዜ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከቀላል እንጨት በታሰረ፣ ከውኃው ብዙም ከፍ በማይል ታንኳ ነው። ጎብኚው ሲመለስ በገበታ ላይ የሚያገኘው ዓሣ የመጣው ከዚሁ ውኃና በዚሁ ታንኳ ነው። ግብይት አለ ያልነው ይህንን ነው።

ይህን ስንል አዞን ክፉ ማድረጋችን አይደለም። እናቲቱ እንቁላሏን በአሸዋ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቹ ከውስጥ ሲጮኹ ቆፍራ ታወጣቸዋለች፤ የበሬ አጥንት በሚሰብረው በዚያው መንጋጋዋ ይዛ ወደ ውኃ ታደርሳቸዋለች። በከተማይቱ አጠገብ ባለው የአዞ እርባታ ደግሞ ከሐይቁ ዳር የተሰበሰበ እንቁላል ተፈልፍሎ አዞዎቹ ለቆዳቸው ሲባል ያድጋሉ። አዞ የእኛ ወዳጅም ጠላትም ሆኖ አልተፈጠረም። አዞ ሆኖ ተፈጠረ።

በአባያ ሐይቅ ውስጥ ያለችው የጊዲቾ ደሴት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በእርስዋ ከሚኖሩት ወገኖች አንዱ ሃሮ የሚባሉት፣ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱና በቀደመው ዘመን ጉማሬ የሚያድኑ ነበሩ፤ በሥራቸውም ምክንያት ጎረቤቶቻቸው ባይሶዎች ዝቅ አድርገው ይመለከቷቸው፣ በጋብቻም አይቀላቀሏቸውም ነበር። ዛሬ ጎብኚ ጉማሬን ከሩቅ ለማየት ገንዘብ ይከፍላል። ከጉማሬ ጋር በአንድ ውኃ ሕይወቱን አስይዞ የኖረው ሰው ግን በዚሁ አውሬ ምክንያት ተናቀ። ስለ አራዊት ፍቅር ከመስበካችን በፊት ይህ ንቀት በየሠፈራችን በሌላ መልክ አለ ወይስ የለም ብለን መጠየቅ ይገባናል፤ በሸክላ ሠሪውና በፋቂው ላይ የሚነገረውን የምናውቅ እናውቀዋለን።

ስለ ዝንጀሮው ሙዝ ትንሽ ረዘም አድርገን እንናገር። የአርባ ምንጭ ዙሪያ የሙዝ አገር ነው፤ ከላንቴና ከጫኖ የሚጫነው ሙዝ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ለጎብኚው አንድ ፍሬ ሙዝ ምንም አይደለም። ዝንጀሮው ግን ያንን አንድ ፍሬ አይረሳም። እሑድ ከጎብኚ እጅ የተቀበለ ዝንጀሮ ሰኞ ከተማሪ ልጅ እጅ ምሳውን ይነጥቃል፤ ማክሰኞ ማሳ ይገባል። ማሳውን የሚጠብቀው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ወንጭፍ ይዞ ከማለዳ እስከ ማታ በማማ ላይ የሚቆም፣ በዚህም የተነሣ ትምህርቱ የሚጎድልበት ልጅ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በመዝገባቸው ላይ «ቀሪ» ብለው የሚጽፉት ልጅ አንዳንድ ጊዜ እርሱ ነው። ዝንጀሮውም ቢሆን አያተርፍም፤ የሰው እጅ ማየት የለመደ ዝንጀሮ መጨረሻው ድንጋይ፣ ውሻ ወይም የመኪና ጎማ ነው። ሙዙን የሰጠው ሰው ያን ጊዜ አገሩ ገብቷል፤ ፎቶግራፉንም ለወዳጆቹ አሳይቷል።

«ታዲያ ቅዱሳኑስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው አንበሶችና ነብሮች ከብበዋቸው ይታያሉ። የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ታሪክም የጉቢዮን ተኩላ ከሕዝቡ ጋር እንዳስታረቀ ይተርካል። በአገራችን በሐረር ጅብ በየምሽቱ ከግንቡ ውጭ ከሰው እጅ፣ አንዳንዴም በሰው ጥርስ ከተያዘ እንጨት ሥጋ ይቀበላል፤ በአሹራም ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ የቆየ ልማድ አለ። እነዚህስ ወዳጅነት አይደሉምን?

የጉቢዮን ታሪክ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። ተኩላው ዝም ብሎ ደግ አልሆነም፤ ከከተማው ሕዝብ ጋር ውል ገባ። ሕዝቡ ሊመግበው፣ እርሱም ላይጎዳቸው ተስማሙ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት፣ እስኪሞት ድረስ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በላ። ምግቡን የሰጠው አላፊ መንገደኛ አይደለም፤ በር ዘግቶ በዚያው ከተማ የሚያድር ሰው ነው። ሐረርም እንዲሁ ነው፤ ልማዱ የከተማው ነው፤ ነገሩ ቢበላሽ ቀድሞ የሚጎዳው ራሱ የከተማው ሰው ነው። ገብረ መንፈስ ቅዱስም ወደ ዝቋላ የወጡት አንበሳ ለማየት አልነበረም። ስለዚህ ልዩነቱ በመመገብና ባለመመገብ ላይ ብቻ አይመስለንም። ከአውሬው ጋር የሚውልና የሚያድር ሰው የገባው ውል አንድ ነገር ነው፤ ሲመሽ የሚሄድ ሰው የወረወረው ሙዝ ሌላ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ነው። ፓርኩ በ1974 ሲመሠረት 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ተሰጠው፤ የሁለቱን ሐይቆች ክፍልና በመካከላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይ ይጨምራል። ከተመሠረተበት ዓላማ አንዱ ቆርኬን ማዳን ነበር። ነገር ግን በዚያ ምድር ላይ የሚያርሱ ኮሬዎችና ከብት የሚያሰማሩ ጉጂዎች ነበሩ። በ2004 የኮሬ ገበሬዎች ከፓርኩ እንዲነሡ ተደረገ። በዚያው ሰሞን ፓርኩን ለማስተዳደር የተዋዋለው የአፍሪካ ፓርኮች ድርጅትም ጥቂት ዓመታት ሠርቶ በ2008 ለቅቆ ሄደ፤ የነዋሪዎቹ ጉዳይ መፍትሔ አላገኘም ነበር። ቆርኬውም አልዳነም፤ ቁጥሩ ተመናምኖ እስከ መጥፋት ደረሰ። በሜዳው ላይ የሜዳ አህያ ሲግጥ አይቶ የሚደሰት ጎብኚ ይህን ሁሉ አያይም፤ ሊያይም አይችልም፤ ሣሩ ምንም አይናገርም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ በ1992 የወጣው፣ ከቁጥር 2415 እስከ 2418 ባለው ክፍል እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረት ስለሆኑ ደግነት እንደሚገባቸው፣ ያለ ምክንያት ማሠቃየታቸው ለሰው ክብር የማይስማማ እንደሆነ ያስተምራል፤ ወዲያው ግን የሰውን ችግር በቅድሚያ ማቃለል የሚገባውን ገንዘብ በእንስሳት ላይ ማውጣት እንደማይገባ ይጨምራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ባስተላለፉት ስለ ምድር ጥበቃ የሚናገር መልእክትም እያንዳንዱ ፍጥረት ለሰው ከሚሰጠው ጥቅም ውጭ የራሱ ዋጋ እንዳለው ገልጸው፣ የምድርን ጩኸትና የድኾችን ጩኸት አንድ ላይ እንድንሰማ ጠይቀዋል። አንድ ላይ መስማት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በነጭ ሣር ግን አንዱ ጩኸት በሌላው ላይ ተነሣ፤ የኋለኞቹ ዓመታት የሚያሳዩን፣ በምድሩ ላይ የሚኖረውን ሰው ሳይዙ አውሬውን ለማዳን የተደረገው ጥረት አንዱንም እንዳልጠቀመ ነው። ከከተማው በላይ በጋሞ ደጋ የዶርዜ ቤት ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል፤ ሽማግሌዎች በአገራቸው ዝሆን ይኖር እንደነበር ይናገራሉ። ዛሬ በዚያ ደጋ ዝሆን የለም፤ ጎብኚ ቤቱን ፎቶግራፍ ያነሣል።

ትምህርት ሲዘጋ ልጆችን ወደ ሐይቁ ለሚወስዱ የቁምስና ማኅበራትና መምህራን አንድ ሁለት ነገር እናሳስባለን። ሙዙ በከረጢት ተቋጥሮ ይቆይ፤ ዝንጀሮ ባለበት አይፈታ። የጀልባ ነጂውን «ትንሽ ጠጋ በል» እያልን አናስቸግር፤ እርሱ ርቀቱን ያውቃል። ወደ ወደቡ ስንመለስም ቸኩለን መኪና አንሳፈር፤ መረባቸውን የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆች ካሉ ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ከእነርሱ ጋር ይቀመጡ። መረቡን የቀደደው ማን እንደሆነ፣ ሌሊት በታንኳ ላይ ምን እንደሚሰሙ፣ አዞን በጋሞኛ ምን ብለው እንደሚጠሩት ይጠይቋቸው። ዓሣ የምንገዛ ከሆነም በዚያን ቀን በዋጋው ባንከራከር እንወዳለን።