የጎረቤት ጆሮና የጎረቤት ምላስ

አንድ ወጣት እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተለይቶ፣ ምግብም እንቢ ብሎ ቢሰነብት እናቱ ጭንቀቷን መጀመሪያ የምታዋየው ማንን ነው? ሐኪምን ነው ወይስ ጎረቤቷን? መልሱን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ሐኪም ዘንድ የሚደረሰው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቡና የምታጣጣት ጎረቤት አለች፤ አክስት አለች፤ የእድሩ ዳኛ አለ፤ ልጁን ቁርኣን ያስቀራው ኡስታዝ አለ። ጥያቄያችን እንግዲህ ይህ ነው፦ እነዚህ ሰዎች የሰሙትን ጭንቀት በወጉ እንዲረዱበት ቢሠለጥኑ ተገቢ ነውን? ወይስ የሰውን ልብ መዳሰስ ለባለሙያ ብቻ የተተወ ሥራ ነው?

ጥያቄው ከየት ተነሣ?

እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስዋምፕስኮት በተባለች ከተማ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተሰብስበው ነበር። የማኅበረሰብ ሥነ ልቦና የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ስሙን ያገኘው ከዚያ ጉባኤ ነው። ባለሙያዎቹ ያነሡት ቁም ነገር ቀላል ነበር። ቢሮው ተቀምጦ በሽተኛ የሚጠብቅ ባለሙያ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፤ ሰውን የሚያስጨንቀው ነገር ግን የሚገኘው በቤቱ፣ በሥራው፣ በትምህርት ቤቱና በሠፈሩ ነው። ከ4 ዓመት በኋላም ጆርጅ ሚለር የተባለው የታወቀ ምሁር፣ ይህ ዕውቀት ለሚያስፈልገው ሰፊ ሕዝብ ሊሰጥ እንደሚገባ ለሙያ ባልደረቦቹ አሳሰበ።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ባለሙያ ተግባሩ ሦስት ነው። የተጨነቀውን ያክማል፤ ሌሎች ረዳቶችን ያሠለጥናል፤ የሠለጠኑትንም ብቻቸውን ሳይተው እየተከታተለ ያበቃል። እኛም ዘንድ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ፣ ለነፍስ ሕመም ከውስጥ በራስ ሐሳብ፣ ከውጭ ደግሞ በሌላ ሰው ንግግር የሚገኝ ሕክምና እንዳለ አስተምሯል። ሰው ለሰው መድኃኒት መሆኑን ሊቃውንቶቻችን ከሺህ ዓመት በፊት ጽፈውታል ማለት ነው።

በአገራችን ነገሩ አማራጭ የማጣት ጉዳይም ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ታዲያ ሕዝቡ ሁሉ ባለሙያ እስኪደርሰው ይጠብቅ ማለት ይቻላልን?

ቡታጅራ ያስተማረችን

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለመለየት ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ከመጠይቁ ሌላ የአካባቢው ነዋሪዎች የታመመ ሰው እንዲጠቁሙ ተደርጎ ነበር፤ እነርሱም በመጠይቁ ያልተገኙ ሕሙማንን አስገኝተዋል። ጎረቤት ያውቃል! ማን ከቤት እንደማይወጣ፣ ማን ብቻውን እንደሚያወራ ያያል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሌላ ገጽታ አለው። በዚያው በቡታጅራ የሕሙማን ቤተሰቦች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ፣ ከ100 ቤተሰቦች 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ገልጸዋል። 37ቱ ደግሞ ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። የሚደብቁትስ ከማን ነው? ሩቅ ካለ ከማያውቁት ሰው አይደለም። ከዚያው ከሚያውቀው ጎረቤት ነው። ለምን ቢባል፣ ወሬው ከወጣ የእህቱ ትዳር ይሰናከላል፣ የወንድሙ ስም ይነሣል ብለው ስለሚሰጉ ነው።

እንግዲህ የጥያቄያችን እምብርት እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ የሚሰማው ጆሮና ቀድሞ የሚያቆስለው ምላስ ያሉት በአንድ ሰው ላይ ነው። ጎረቤትን የሚያሠለጥን ባለሙያ ጆሮዋን ብቻ አሠልጥኖ ምላሷን ቢተው ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

የሐራሬ አያቶች

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ምባሬ በተባለ የድሆች ሠፈር፣ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመረ። በጤና ጣቢያው ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቀው ሰው ጋር ይቀመጣሉ፤ ይሰማሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን አስመርጠው ሊሠራ የሚችል ትንሽ እርምጃ አብረው ይፈልጋሉ። ሕመሙንም የሚጠሩት በሕዝቡ ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ ብለው ነው፤ ትርጉሙ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። በእኛስ ቤት እናቶች «ሐሳብ በዛባት» ይሉ የለምን?

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ከ6 ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው በአግዳሚው ወንበር ከተረዱት መካከል ከ100 ወደ 14 ያህሉ ሲሆኑ፣ በተለመደው አሠራር ከታዩት መካከል ግን 50 ያህሉ ነበሩ። ሆኖም አያቶቹ ተመርቀው የተበተኑ አልነበሩም፤ ክትትል ነበራቸው። ሕይወቱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ሲገጥማቸውም ወደ ባለሙያ ያስተላልፋሉ።

የለገሃር ሰው ለማን ይንገር?

ለገሃር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። ከዚያ ወዲህ በባቡር የወረደውም በእግሩ የገባውም በዙሪያው ሰፈረ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳ፣ በለቅሶና በሠርግ እየተገናኘ ኖረ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በለገሃር ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በአቅራቢያው ያሉት የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈሮች በኮሪደር ልማት ፈርሰው፣ ብዙ ነዋሪዎች እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ።

የልማቱን ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። አዲሱ ቤት የራሱ ማዕድ ቤትና መጸዳጃ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ግን በቡና ሰዓት ፊቷን አይቶ «ምን ሆነሻል?» የሚላት ሰው የት ሄደ? በክሊኒክ የተቀመጠ ባለሙያ «ምን ያምሻል?» ብሎ ሊጀምር ይችላል። የማኅበረሰቡ ባለሙያ ደግሞ «ከማን ጋር ቡና ትጠጪ ነበር? አሁን የት ናቸው?» ብሎ ይጨምራል። ከመድኃኒቱ አስቀድሞ የተበተነውን እድር መልሶ ማሰባሰብ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለና።

ሦስት አደራዎች

እንግዲህ ጎረቤትን ማሠልጠን ተገቢ ነውን? መልሳችን፦ አዎን፣ ግን በሦስት አደራ ነው።

አንደኛ፣ ምስጢር። ሥልጠናው ሲጀመር የመጀመሪያው ትምህርት ምላስን መያዝ ይሁን። ቁርኣን ሐሜትን ከምን ጋር እንዳመሳሰለው የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን «ዱዓ አድርጉላት» እያልን የሰው ገመና ስናወጣ ሐሜት መሆኑ ይረሳናል። ሳታስፈቅድ የሰው ስም የምታነሣ ሴት ምንም ያህል ደግ ብትሆን ለዚህ ሥራ አትመረጥ።

ሁለተኛ፣ ልክን ማወቅ። የሠለጠነች ጎረቤት ሐኪም አይደለችም። ራሱን ሊጎዳ ያሰበውን፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማውን፣ መብላትና መተኛት ያቆመውን ወደ ሐኪም ማድረስ ግዴታዋ ነው። ቁርኣን የሚቀሩ ሸኾቻችንም እንዲሁ። ዱዓና ሕክምና አይጣሉም፤ ዱዓ እያደረጉ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ረዳቷን መርዳት። የሰው ጭንቀት የሰማ ልብ ይደክማል። «ድሆች እርስ በርሳቸው ይረዳዱ» ብሎ ሸክሙን በእናቶች ትከሻ ላይ ጥሎ መሄድ ፍትሕ አይሆንም። ባለሙያው በየጊዜው እየተመለሰ ሊሰማቸው፣ ሊያርማቸውና ሊያሳርፋቸው ይገባል። መንግሥትም ጎረቤት ሠለጠነች ብሎ ሐኪምና ክሊኒክ የማሟላት ኃላፊነቱን ሊተው አይችልም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከሦስቱ የመጀመሪያው ሥልጠና እንኳ አያስፈልገውም። ዛሬ ማታ በየቤታችን ልጆቻችንን ሰብስበን፣ በዚህ ቤት የተነገረ ጭንቀት ከዚህ ቤት እንደማይወጣ ብንስማማ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። አላህ ሲሰሙ የሚያስተውሉ፣ የሰሙትንም አደራ አድርገው ከሚይዙ ሰዎች ያድርገን። አሚን!