«ብለፍ» ውሸት ነውን?

ደችና ጀርመን «ብለፈን»፣ ስዊድን ደግሞ «ብሉፋ» ይላሉ። የሌለውን እንዳለው መስሎ ባላጋራን ማስፈግፈግ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል የሚተካው አይመስለኝም። «ጉራ» ቢቀርበውም ጉረኛ የሚፈልገው መደነቅን ነው፤ ይኸኛው ግን የሌላውን ድርሻ ነው።

ቃሉ ከደች ወይም ከሰሜን ጀርመን ተነስቶ ወደ እንግሊዝኛ እንደገባ ይገመታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፖከር ተጫዋቾች ደካማ ካርታ ይዞ ብዙ ገንዘብ በማስያዝ ተጋጣሚን ማስፈራራትን ጠሩበት፤ በዚሁ የቁማር ትርጉሙም ወደ አውሮፓ ተመለሰ። (ደቾች በሄግ ከተማ የሚጠሩት «ሃኽሰ ብለፍ» የተባለ ጣፋጭ አላቸው። የተመታ የእንቁላል ነጭ፣ ስኳርና የቀይ ፍሬ ጭማቂ ነው፤ ሳህን ይሞላል፣ አብዛኛው ግን አየር ነው።)

አልበርት ካር የተባለ አሜሪካዊ በ1968 እ.ኤ.አ. በ«ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው» ባወጣው ጽሑፍ ንግድ እንደ ፖከር ነው፣ ደንቡንም ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ በግል ሕይወት ሥነ ምግባር ሊመዘን አይገባም ሲል ተከራከረ። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የቁማሩ ሐራምነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ተስማምተው በተቀመጡበት ጨዋታ ፊትን መደበቅ ውሸት ነው ለማለት እኔም እቸገራለሁ።

ግን ገዢው መቼ ነው ከጠረጴዛው የተቀመጠው? ለልጇ ጫማ ልትገዛ የመጣች እናት «አንዱ በዚህ ዋጋ ሊወስደው ብር ሊያመጣ ሄዷል» ስትባል፣ ጨዋታ ውስጥ መግባቷን ማን ነገራት? ዋጋ መከራከር ያለና የነበረ ነው፤ ያልተፈጠረ ገዢ መፍጠር ግን ክርክር አይባልም። ስዊድኖችም «ብሉፍፋክቱራ» የሚሉት አለ፤ ላልታዘዘ ነገር ለድርጅቶች የሚላክ የክፍያ መጠየቂያ ነው። ላኪው የሚተማመነው ሥራ የበዛበት ሒሳብ ሠራተኛ ሳያጣራ ይከፍላል ብሎ ነው። ቃሉ የጨዋታ ቃል ነው፤ ተጫዋቹ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

በኢስላም የንግድ ሕግ «ነጅሽ»፣ ማለትም ሳይገዙ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ መጫረት፣ የተከለከለ ነው። ልብ እንበል፤ ሐሰተኛው ተጫራች አንዲት የውሸት ቃል ላይናገር ይችላል፤ እጁን ማንሳት ይበቃዋል። ክልከላው የተናገረውን ሳይሆን በሌላው ሰው ላይ ያደረሰውን የሚመለከት ይመስለኛል። በዚህ መንገድ ተታሎ የገዛ ሰው ዕቃውን መመለስ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል። እኔ ልቤ ያዘነበለው ይችላል ወደሚሉት ነው።