ተስተካከለ ማለት ታወቀ ማለት ነው?

ኮምፒውተር ላይ አልጫን ብሎ ያስቸገረ ፕሮግራም በስንት ሙከራ ሲጫን፣ ችግሩ ምን እንደነበር አውቀናል ማለት እንችላለን? እኔ አንችልም ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሄደ እንጂ ያወቅነው ነገር የለም።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፕላቶ «ሜኖ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ወደ ላሪሳ ከተማ ስለሚወስደው መንገድ ያናግረዋል። መንገዱን የሚያውቅ መሪና ሄዶበት ሳያውቅ በትክክል የገመተ መሪ ተከታዮቻቸውን እኩል ላሪሳ ያደርሳሉ። ታዲያ ዕውቀት ከትክክለኛ ግምት በምን ይበልጣል? ግምት በምክንያት ካልታሰረ በአፈ ታሪክ ይንቀሳቀሱ እንደነበሩት የዳዳሎስ ሐውልቶች ተነስቶ ይሸሻል፤ የሶቅራጥስ መልስ ይህ ነው።

ይህ ጥያቄ ጎረቤቴ ቤት ገጠመኝ። እሷ በልብስ ስፌት የምትተዳደር እናት ናት። የደንበኞቿን ሒሳብ የምትይዝበት ፕሮግራም አዲሱ ቨርዥን አልጫን አላት። ሴታፑ (የመጫኛው ፕሮግራም) ይጀምራል፣ ሊያልቅ ሲል ወደ ኋላ ይመለስና ስህተት 1603 ይላል። ይህ ቁጥር ዊንዶውስ ላይ ጭነቱ መክሸፉን እንጂ ለምን እንደከሸፈ አይናገርም፤ «አሞኛል» ብሎ የት እንደሆነ እንደማይናገር ሕመምተኛ ነው። በዚያ ላይ ሴታፑ ሲከሽፍ የነካካውን ሁሉ እንደነበረ ስለሚመልስ፣ መልእክቱ ሲወጣ ምክንያቱ ካለፈ ቆይቷል።

የወንድሟ ልጅ እኔ ከመድረሴ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፍቷል፣ ጊዜያዊ ፋይሎችን ጠርጓል፣ ሪስታርት አድርጓል። «ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግና እንገላገል» አለኝ። ትጉህ ልጅ ነው። ፎርማት ግን ጥያቄውን ከነመልሱ ጠርጎ ያጠፋል።

መጀመሪያ አንቲቫይረሱን መልሼ ከፈትኩት። ከዚያ ሴታፑ የሚሠራውን ሁሉ ፋይል ላይ እየመዘገበ እንዲሄድ አዘዝኩ። መዝገቡ ረጅም ነው፤ ነገር ግን የከሸፈውን እርምጃ የሚያመለክተውን «ሪተርን ቫልዩ 3» የሚል ጽሑፍ ፈልጎ ከበላዩ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ማንበብ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እዚያ ላይ የአሮጌው ቨርዥን ፎልደር ስም ተጽፏል፤ መግባት ተከልክሏል ይላል። ሴታፑ የሚሠራበት «ሲስተም» የተባለው አካውንት በፎልደሩ ላይ ፈቃድ አልነበረውም። ፈቃዱን ሰጠነው፤ ተጫነ።

ጎረቤቴ ቡና ልታፈላ ተነሳች። እኔ ግን ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ አራግፌ (የሒሳቧን ፋይል አስቀድመን ፍላሽ ላይ ገልብጠናል) ፈቃዱን መልሼ ነሳሁትና እንደገና ልጭን ሞከርኩ። 1603 ተመልሶ መጣ። «ከሠራ በኋላ ለምን ያበላሹታል?» አለ ልጁ ደንግጦ።

ያ ብልሽት ለእኔ ከጥገናው ይበልጣል። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንዱን ነገር የሌላው ምክንያት የምንለው ፊተኛው ባይኖር ኖሮ ኋለኛውም የማይኖር ሲሆን ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ዓይናችን የሚያየው አንዱ አንዱን መከተሉን ብቻ ነው፣ ማሰሪያውን ራሱን አናይም የሚለውም እሱ ነው። እውነቱን ነው። ቢሆንም ስህተቱን ሲፈልግ ማምጣት፣ ሲፈልግ ማጥፋት የቻለ ሰው፣ ያገኘውን ሁሉ ነካክቶ ዕድሉን ከሞከረ ሰው ይልቅ ለእውነቱ ቀርቧል።

«ጎረቤትህ ላሪሳ ከደረሰች ምን ይጎድልባታል?» የሚለኝ ይኖራል። ሴታፑ በሆነ አጋጣሚ አንቲቫይረሱ በጠፋበት ሰዓት ተጭኖ ቢሆን ኖሮ፣ ልጁ መድኃኒቱ እሱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ለጓደኞቹም ይነግር ነበር። እነሱም በየቤታቸው እያጠፉ፣ መልሶ መክፈቱን እየረሱ ማሽናቸውን ያለ መከላከያ ይተዉት ነበር። በሐሰት የተወነጀለ ምክንያት እንዲህ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ስለዚህ ምክንያት መፈለግን ለጎረቤት ያለብኝ ግዴታ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ደንበኛ ተሰልፎበት ፎርማት የሚያደርግ ጥገና ቤት አልወቅስም። ማሽኑን ሲያስረክብ «ሠርቷል፣ ምክንያቱን ግን አላወቅሁትም» ይበል።

እናንተም ስትሞክሩ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ውጤቱን እዩ፣ የለወጣችሁትንም ጻፉት። ከዚህ በፊት ለአንድ ፕሮግራም ብላችሁ አንቲቫይረስ ያጠፋችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ መልሳችሁ ክፈቱት።