ሞፈሩን የቆረጠው ማን ነው?

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይላል የአገራችን ሰው። ሞፈር ለገበሬ እንዲሁ እንጨት አይደለም። በሬዎቹ ከተጠመዱበት ቀንበር አንሥቶ እስከ እርፉ የሚዘልቅ፣ ረጅምና ጠንካራ መሆን አለበት፤ በእርሻ መካከል ቢሰበር ቀኑ ባከነ ማለት ነው። ለሞፈር የሚሆን ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ በሰው ደጃፍ ቀጥ ብሎ ያደገ እንጨት ዓይን ይስባል። ባለቤቱ ቆፍጣና ከሆነ ማንም አይደፍረውም። የዋህ ከሆነ ግን በገዛ ደጁ፣ እያየ ይቆረጥበታል።

ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሰው ከተታለለ በኋላ ነው። በሐሰተኛ ውክልና ቤቱ የተሸጠበት፣ ቀብድ ከፍሎ ሻጩ የጠፋበት፣ ለወዳጁ ዋስ ሆኖ ዕዳ የወደቀበት ሰው ብሶቱን ሲናገር፣ ከሰሚዎቹ አንዱ ራሱን ነቅንቆ «ምን ይደረግ፣ ከሞኝ ደጃፍ…» ይላል። ሌሎቹ ይስማማሉ፤ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ቶሎ መዞር ነው። በተረቱ ውስጥ ሞኙ አለ፣ ደጃፉ አለ፣ ሞፈሩም አለ። መጥረቢያ የያዘው ሰውዬ ግን የለም። ፍርዱ በሙሉ ያረፈው ዛፉ በተቆረጠበት ሰው ላይ ነው።

ምክር ሆኖ ቀድሞ ሲነገር ተረቱ እውነት አለው። ሰው ንብረቱን ይጠብቅ፣ ውል ሳያነብ አይፈርም፣ ያልገባውን ይጠይቅ ማለት ተገቢ ነው። ከጥፋት በኋላ ሲነገር ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ለተበደለው የውርደት ስም ይሰጣል፣ በዳዩን ከነመጥረቢያው ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ከገጠሩ ይልቅ በመሥሪያ ቤቶቻችን ነገሩ ይብሳል። ለአነስተኛ ግዢ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰብሰብ የሚባለው ዋጋ እንዲወዳደር ነው። ግዢ ክፍል አካባቢ የሠራ ሰው የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ነጋዴ ሦስቱንም ፕሮፎርማ በአንድ ፖስታ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ የወዳጆቹ ማኅተም ያረፈባቸው፣ ዋጋቸው ከእርሱ ጥቂት ከፍ ተደርጎ የተሞላ ነው። ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር አለ። ኦዲተር ቢመጣ ፋይሉ እንከን የለውም። ታዲያ አንድ ሠራተኛ መርካቶ ወርዶ ዋጋ ጠይቆ «ይህ ዕቃ እኮ በግማሽ ዋጋ ይገኛል» ቢል ምን ይደርስበታል? መጀመሪያ በቀልድ ያልፉታል። ቀጥሎ ከግዢ ኮሚቴው ስሙ ይወጣል። የመስክ ሥራ ሲደለደል ይረሳል፣ ስለ እርሱም ስም የሌለው ደብዳቤ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ከኋላው የሚሰጠው ስም ደግሞ «የዋህ ነው፣ አልገባውም» የሚል ነው።

ያልገባው ግን እርሱ አይደለም፤ ሁሉም ገብቶታል። የሚያደርጉትን አውቆ አላደርግም ያለው እርሱ ብቻ ነው። ተረቱ እዚህ ላይ ትርጉሙ ተገልብጧል፤ ቀድሞ ሞኝ የሚባለው የሚታለለው ነበር፣ ዛሬ ግን አላታልልም ያለውም ሞኝ ተብሏል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም በዚሁ መንገድ ያገለግላል፤ አንደኛው አለመብላትን ጸጸት ያደርገዋል፣ ሌላኛው ቅንነትን ነውር። ሁለቱን በየቡና ሰዓቱ እየደጋገምን ልጆቻችን ሐቀኛ ይሁኑ ማለት አይቻልም።

ለብልጠት የሚከፈለው ዋጋ የት እንደሚወድቅ በግልጽ የሚታየው ገበያ ላይ ነው። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ ወይም ከረጋ ዘይት ጋር እየተደባለቀ እንደሚሸጥ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ስለዚህ ገዢው ቅቤውን ያሸታል፣ በጣቱ አሽቶ ያየዋል፣ ያም ሆኖ አያምንም። ከሩቅ ወረዳ ንጹሕ ለጋ ቅቤ ይዛ የመጣች ሴትም ገዢዋ የሚሰጣት ዋጋ ድብልቅ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተቀነሰ ነው። አላታለለችም፤ የአታላዩን ዕዳ ግን እርሷ ትከፍላለች። ይህ ሲደጋገምባት ወይ ገበያውን ትተዋለች፣ ወይ እርሷም ሙዝ መላጥ ትጀምራለች። የብልጡ ጥፋት ከአንድ ገዢ ኪስ በወሰደው ብር አይለካም። የታማኞቹን እቃ አራክሶባቸዋል።

በገጠር ይህ ብልጠት ልክ ነበረው። ከደጃፍ የተቆረጠ ሞፈር የሚያርሰው እዚያው ሰፈር ነው፤ ሁሉም እንጨቱን ያውቀዋል። የቆረጠው ሰው ለደቦ ጎረቤት ያስፈልገዋል፣ ልጁን ሲድር ሽማግሌ ይልካል፣ ሲሞትም የሚቀብረው ያው መንደር ነው። በከተማ ግን ቆራጩና ባለ ዛፉ አይተዋወቁም፤ መጥረቢያውም ወረቀት ወይም ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ከተመዝጋቢዎቹ መካከል ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጠበቁ፣ ከወር ገቢያቸው እየቀነሱ ሲቆጥቡ የኖሩ ነበሩ። በቀናት ውስጥ ለዕጣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ በሲስተሙ ውስጥ መግባቱ ታወቀና ዕጣው ተሰረዘ፤ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም በቁጥጥር ሥር ዋሉ። እነዚያ ቆጣቢዎች ሞኞች ነበሩ የሚል ማን ነው? ውል አንብበዋል፣ ደረሰኝ ይዘዋል፣ በሰዓቱ ከፍለዋል። ሞኝ ያለመሆን መመሪያ ቢኖር ከእነርሱ በላይ ያከበረው አይገኝም። ዛፉ የቆመበትን ደጃፍ እንዲጠብቅ ሕዝብ የቀጠረው ሰው ራሱ መጥረቢያ ሲያነሣ፣ የባለቤቱ ንቃት ምንም አይፈይድም። በፖለቲካ ውስጥ ተረቱ ጨርሶ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ደግሞ ሌላ ነገር አሳይቶናል። በአንድ ሌሊት ሲስተሙ ሲበላሽ ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ፣ አዛወሩ፤ ባንኩ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ። ያን ሌሊት ዕድሉን ያልተጠቀመ ሰው እንደ ፋራ ይታይ ነበር። ባንኩ ግን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ እንደሚለጥፍ አስታወቀ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። በእርግጥ የሕግ ፍርሃት አለበት። ይሁን እንጂ ኀፍረቱ ከተወሰደበት ወደ ወሰደው ሲዞር ነገር እንደሚለወጥ በዓይናችን አየን።

ብልጠት ሁሉ ይወገዝ እያልኩ አይደለም። ባሻይ አውዓሎም ለጣልያን የሚሰልል መስሎ የኢትዮጵያ ጦር መበታተኑን ለጣልያኑ አዛዥ ለጄኔራል ባራቲየሪ ሰዎች ሲነግር፣ ያታለለው በመድፍ የመጣን ወራሪ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ለተገኘው ድል የእርሱ ድርሻ በክብር ይነሣል፤ ይገባዋልም። ያ ብልጠት ደጃፉን ለመጠበቅ ነበር፣ በራሱም ሕይወት የተወራረደ። የራስን ጎረቤት፣ የራስን ቢሮ፣ የራስን ተመዝጋቢ ሕዝብ ማታለልን ከእርሱ ጋር በአንድ ስም መጥራት ለአውዓሎም ስድብ ነው።

ከሁሉ የሚያሳምመኝ ግን ልጆቻችንን ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚልኩ ደላሎች ነገር ነው። ልጅቷ ሳዑዲ ወይም ቤይሩት ትሄዳለች፤ ደላላው ለቪዛ፣ ለትኬት፣ ለ«ፕሮሰስ» እያለ ገንዘብ ይቀበላል። ቤተሰቡ በሬ ይሸጣል፣ ይበደራል። ስትደርስ ፓስፖርቷ ይወሰዳል፣ ደሞዟ ይቀራል፣ የነገሯት ሥራና ያገኘችው ሥራ አይገናኙም። ስትመለስ ደግሞ በገዛ ሰፈሯ የሚጠብቃት «ማን ሂጂ አላት?» የሚል ነው። ደላላው በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ቡና ቤት ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ቤተሰብ ያነጋግራል። ሰላምታ እንሰጠዋለን፣ ለሠርግም እንጠራዋለን።

ልጅቷ ያመነችው ሞኝ ሆና አይደለም። የነገራት ሰው የአባቷ ወዳጅ ነበር፣ አክስቷም ሄዳ ቤት ሠርታለች፣ እቤት ያለው ችግርም አማራጭ አላስቀረላትም። ማመን ደግሞ ወንጀል አይደለም፤ ሰው ሳያምን መገበያየትም መጋባትም አይችልም። የወንጀሉ ባለቤት አንድ ነው፣ አድራሻውም ይታወቃል።

ስለዚህ አንባቢዬን አንድ ነገር እለምናለሁ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ትኬትን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ እንጂ በሠራተኛዋ ላይ አይደለም። በዚህ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው በሰፈራችሁ ካለ፣ ቤተሰቡ በሬውን ሳይሸጥ ይህን ንገሩት፤ ጠያቂውንም በስሙ ለፖሊስ አመልክቱ።