የት ትቆማለህ?

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሁለት በግ ነጋዴዎች ነበሩ እንበል። ጳጉሜ ገብቶ የእንቁጣጣሽ ገበያ ሲቃረብ በጎቻቸውን በየአይሱዙው ጭነው አዲስ አበባ ሊያወርዱ ተሰናዱ። ከመነሣታቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው በቅሎ እየነዱ ሲራራ ይነግዱ ከነበሩ አዛውንት ምርቃት ሊቀበሉ ሄዱ።

አዛውንቱ ስለ በጎቹ ብዛትም ስለ ዋጋም አላነሡም። ወደ አንደኛው ዞረው፣

«ልጄ፣ የት ትቆማለህ?» አሉት።

«የትም አልቆምም፣ አባባ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተነሥቼ ጎሕ ሲቀድ ካራ ገበያ ነኝ። የሚሸጠው ቀድሞ የደረሰ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ ስቆም ነው የምውለው። ጣርማ በርን በጨለማ አልሞክራትም፤ ጭጋጉ እስኪገልጥ ከወዲህ እቆያለሁ። ደብረ ብርሃን ስደርስ በጎቹን አውርጄ ውሃና ድርቆሽ እሰጣቸዋለሁ፤ እዚያው አድራለሁ። ከተማ የምገባው በማግስቱ ነው።»

አዛውንቱ ሁለቱንም እኩል መረቁ።

የፊተኛው መኪና ጣርማ በር አጠገብ ሲደርስ ጭጋጉ የመብራቱን ብርሃን ዋጠው። ሾፌሩ ወደፊት መሄድም መመለስም ፈራና ቁልቁለቱ ላይ እንዳለ ቆመ። በጎቹ ወደ አንድ ወገን ተንሸራተው ተደራረቡ። ረፋዱ ላይ ለገጣፎ ሲደርሱ ደግሞ መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ጠበቃቸው። ካራ ደርሰው የጭነቱ በር ሲከፈት፣ ከሥር የነበሩት ታፍነው ሞተዋል። የተረፉት ግን ደህና ዋጋ አወጡ፤ ይህም መነገር አለበት። የኋለኛው በማግስቱ ሲገባ ዋጋው ትንሽ ወርዶ ቆየው፤ በጎቹ ግን ሁሉም በእግራቸው ወረዱ።

ሲመለሱ «ማን አዋቂ ነበር? ይፍረዱን» አሏቸው።

«ትርፋችሁን ራሳችሁ ቁጠሩት» አሉ አዛውንቱ። «ሁለታችሁም ቆማችኋል። አንዱ በፈቀደው ቦታ፣ አንዱ ባልፈቀደው።»

«የት ትቆማለህ?» የሚለው የአዛውንቱ ጥያቄ ከሲራራው ዘመን የተረፈ ነው። መንዝን በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት ይከቧታል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ በቅሎ ነጂው ዳር ላይ ሰፍሮ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ስንቁን፣ በሶውንም ቆሎውንም፣ የሚሰፍረው በሚጓዝበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሚጠብቅበትም ነበር።

ዛሬ ስሌቱ ተገልብጧል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ስለሆነ፣ ሰው መንገዱን ሁሉ በዚያ በቀላሉ ክፍል ይለካል። ስልኩም ሰዓቱን ደምሮ ይሰጠዋል፤ ጭጋጉን ግን አይደምርለትም። አስቸጋሪው ከላይ ያለው፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ የሚሄደው ነው። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ የቦረቦረው 587 ሜትር ዋሻ እንኳ ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ እንጂ ለመንዝ ሰው የሚጠቅመው ነገር የለም፤ የመንዝ መንገድ ዋናውን የሚቀላቀለው ከዋሻው ወዲህ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ነው። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ የሚነሣ ሰው፣ ለእኔ ገና ጉዞውን አላሰበም።

በክረምት ከመንዝ የምትነሡ ሁሉ፣ ስለ መኪናው ኪራይ ከመነጋገራችሁ በፊት በዚያው ዕለት ከጣርማ በር የመጣ ሾፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ።