ፈጣን መድኃኒትን ተስፋ ማድረግ ትዕግሥትን ያፈርሳልን?

ልቡ በየጊዜው በድንገት ከሥርዓቱ ወጥቶ የሚሮጥበት ሰው አለ። ከወዳጆቹ ጋራ ተቀምጦ ሲጫወት፥ ምንም ሳያስደነግጠው፥ ትርታው በደቂቃ እስከ 200 ይደርስና ደረቱን ይደበድበዋል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፥ ራሱም ይዞርበታል። ሐኪም ቤት እስኪደርስ ልቡ በገዛ ራሱ ይመለስ እንደ ሆነ ደግሞ ሕመሙን የሚያምንለት ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው «ቶሎ የሚመልሰኝ መድኃኒት በወጣ!» ብሎ ቢመኝ፥ «ትዕግሥት አነሰህ» የሚለው መካሪ አይታጣም።

መካሪው ነገሩን አልመረመረውም። በግዕዝ «ልብ» ሲባል በደረት ውስጥ የሚመታውም አእምሮም ነው። የትዕግሥት ማደሪያዋ ልብ ከሆነ፥ ቤቱ እየተናወጠ ባለቤቱን «ተረጋግተህ ተቀመጥ» ማለት ምን ይረባል? ምንም ተስፋ የማያደርገውንስ ሰው ታጋሽ ከማለት ይልቅ ቆራጭ ማለት ይቀላል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ዓመት አንድ ሆላንዳዊ ነጋዴ ልቡ ሥርዓት አጥቶ ሲመታበት ወደ ታወቀው ሐኪም ወደ ቬንከባኽ ሄደ። ሐኪሙ መላ እንደሌለው ቢነግረው፥ ነጋዴው «ነገ ልቤ ተመልሶ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ፤ እንዳለውም ሆኖ መጣ። የዋጠው 1 ግራም ኪኒን ነበረ፤ ያም በኢትዮጵያ ዛሬ የእንክብል ሁሉ ስም የሆነው የወባ መድኃኒት ነው። ቬንከባኽ አላፈረም፤ ከበሽተኛው የተማረውን በ1914 ጻፈው። በ1918ም ፍሬይ የተባለ ሐኪም ከዚያው ወገን የበረታውን ኪኒዲንን አገኘ። የሐኪሞቹን መንገድ የከፈተው እንግዲህ ያ «ትዕግሥት ያነሰው» ሰው ነው።

ዳሩ ግን ተስፋ ዓይን ያስፈልገዋል። ከልባቸው ሥጋ ከፊሉ ደም አጥቶ ለሞተባቸው ሰዎች፥ የባዘነውን ትርታ ጸጥ የሚያደርጉ መድኃኒቶች በአሜሪካ ተሰጥተው ነበር። ትርታው ጸጥ አለ፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከዋጡት የሞቱት ባዶውን እንክብል ከዋጡት ይልቅ በዝተው ስለ ተገኙ፥ በ1989 የእነዚያ መድኃኒቶች ፈተና ተቋረጠ። የተፈለገው ጸጥታ ተገኝቶ ሕይወት ጠፋ።

በ2023 የታተመው ምርመራ ይህን ፍርሃት አልዘነጋም። ኤትሪፓሚል የሚባለው መድኃኒት በሽተኛው ራሱ በቤቱ ሆኖ በአፍንጫው የሚነፋው ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከወሰዱት ከ100 የ64ቱ ልብ ተመለሰ፤ ባዶውን ከነፉት ግን የ31ዱ። ሥጋ በራሱ የሚሠራው ከመድኃኒቱ ሥራ ተለይቶ ስለ ተቈጠረ፥ ይህን ተስፋ ማድረግ ችኮላ አይባልም።

ለዚህ ዓይነቱ ሩጫ ዋጋ የማይጠይቅም ዘዴ አለ። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች በሽተኛው 15 ሴኮንድ በኃይል እንዲነፋ፥ ወዲያውም በጀርባው ተንጋሎ እግሩ ወደ ላይ እንዲነሣለት አደረጉ፤ በ2015 እንደ ታተመው ከ100 የ43ቱ ልብ ተመለሰ፤ እንደ ተቀመጡ ብቻ ከነፉት ግን የ17ቱ። ሐኪም አስቀድሞ አሳይቶት እንደ ሆነ፥ ያ መካሪም ምክሩን ትቶ የወዳጁን እግር ቢያነሣለት ይሻላል።